የልብ ሐኪም ጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀርብ ሳልናገረው የቀረሁት

ልቤ መጀመሪያ እንደዚያ ሲሆን ደረጃ እየወጣሁ አልነበረም፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ ክፉ ወሬም አልሰማሁም። ቁጭ ብዬ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ድንገት ብድግ አለና ልቤ ልቆጥረው በማልችለው ፍጥነት ይመታ ጀመር። ጉሮሮዬ ላይ ሳይቀር ይሰማኛል። 10 ደቂቃ ያህል ቆየና መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ደግሞ ሽንቴ መጣ። ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ እያለ 8 ወር ሄደ። በወር አንዴ፣ ሲከፋ ሁለቴ ይመጣብኛል። «ጭንቀት ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው» እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አንድ ቀን ግን ቆሜ ሳለሁ ጀመረኝና ዓይኔ ጨለመ፤ ግድግዳውን ባልይዝ ወድቄ ነበር። ያኔ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ) ተነሣሁ፤ «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወረቀቱን አጥፌ እንደ ትልቅ ማስረጃ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው። የተለመደው ኢሲጂ የሚይዘው የ10 ሰከንድ ያህል የልብ ሥራ ነው። የእኔ ሕመም በወር ለ10 ደቂቃ ብቅ የሚል ነው። በሌለበት ሰዓት ተፈልጎ ባይገኝ ምን ይደንቃል? ይህን ያስረዳኝ ግን ከ3 ወር በኋላ የልብ ሐኪሙ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሕመሙ ሲነሣብኝ ያንን ወረቀት እያሰብኩ ችዬ አሳለፍኩት። ኢሲጂያችሁ ንጹሕ ከተባለ በኋላ ሕመሙ ከተመለሰባችሁ እናንተም ተመለሱ። «ያኔ ደህና ተብዬ ነበር» ብላችሁ አትቅሩ። ከተቻለም ሕመሙ ላይ እያለ ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ሩጡና «አሁን አንሡኝ» በሉ፤ በዚያ ሰዓት የተነሣ አንድ ወረቀት ከብዙ ወራት ምርመራ ይበልጣል።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልኝ ለልብ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ያዝኩ። የ3 ሳምንት ቀጠሮ ነበር። እነዚያን 3 ሳምንታት ያሳለፍኩት ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አስፈሪ ነገር በማንበብ ነው። ባነበብኩ ቁጥር ልቤን አዳምጣለሁ፤ ባዳመጥኩ ቁጥር ደግሞ የሌለ ነገር እሰማለሁ። ያንን ጊዜ መጠቀም የነበረብኝ ለሌላ ነገር ነበር፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች ልንገራችሁ። ደረትን ጭምቅ የሚያደርግና ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሚቆይ ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት፤ ራስን መሳት፤ አርፎ እንደተቀመጡ ትንፋሽ ማጠር፤ አልቆም ያለና ከማዞር ጋር የመጣ የልብ ሩጫ፤ እነዚህ ሲሆኑ መሄድ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያው ሰዓት። ሴቶች ላይ ደግሞ የደረቱ ሕመም ደብዛዛ ሆኖ ከባድ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ጎልቶ ሊወጣ ስለሚችል «ደረቴን አላመመኝምና ልብ አይደለም» አትበሉ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አርፍጄ ስለነበር ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ደግሞ እንዲያነቃኝ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ። ገና ትንፋሼ ሳይሰበሰብ ነርሷ የደም ግፊቴን ለካችኝ፤ እኔም እጄን አንጠልጥዬ ስለ ማርፈዴ ይቅርታ እየጠየቅኋት ነበር። 158 በ96። ደነገጥኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም፤ «አረፍ በይ፣ ደግመን እንለካለን» አለችኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 132 በ84 ሆነ። ይህ ልዩነት መድኃኒት ሊያስጀምርና ላያስጀምር የሚችል ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከመለካታችሁ በፊት ላለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ስፖርትም ይቅር። ሽንታችሁን ሽኑ፣ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስረግጡ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልባችሁ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ መለኪያው በእጅጌ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ እየተለካ አይወራም። ቤት ውስጥ መለኪያ ካላችሁ ከቀጠሮው በፊት ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ሐኪም ፊት ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ያ ወረቀት ያንን ይለያል።

ከዚያ እንደገና ኢሲጂ። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ከወገብ በላይ ትራቆታላችሁ፣ ደረትና እጅ እግር ላይ 10 የሚለጠፉ ነገሮች ይደረጋሉ፣ ማሽኑ ልብን ከ12 አቅጣጫ ይመለከታል። ኤሌክትሪክ አይልክም፤ ልብ ራሱ የሚያመነጨውን ነው የሚያነበው። ስለዚህ አያምም። ከፊት የሚከፈት ልብስ ልበሱ፤ እኔ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ቀሚስ ለብሼ ሄጄ ግማሽ ራቁቴን ስንቀጠቀጥ ቆየሁ፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ መስመሩን ስላበላሸው ሁለቴ ተነሣሁ። የዚያን ቀን ደረታችሁን ቅባት አትቀቡ፣ አይለጠፍም። የሚያሳፍራችሁ ከሆነ መሸፈኛ ጨርቅ ወይም ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ የተረጋጉ ሰው ናቸው። «ምን አመጣሽ?» አሉኝ። ለወራት የተሸከምኩትን ነገር በአንድ መስመር ጨረስኩት፤ «ትንሽ ልቤን ይመታኛል ዶክተር፣ አሁን ግን ደህና ነኝ።» ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሕመማችንን ማሳነስ ጨዋነት ይመስለናል መሰል። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። «እስቲ በጣትሽ ጠረጴዛውን ምቺና አሳዪኝ። ሲጀምርሽ እንዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

ጣቴን አንሥቼ መታሁ። ፈጣን፣ ወጥ፣ ሳያቋርጥ። «መሐል ላይ ይዘላል?» አይዘልም። «ቀስ በቀስ ነው የሚፈጥነው ወይስ በአንድ ጊዜ?» በአንድ ጊዜ። «ሲቆምስ?» በአንድ ጊዜ። «ከዚያ በኋላ ሽንት ይመጣብሻል?» ክው ብዬ አየኋቸው፤ ያንን እኔ ከሕመሙ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ጥያቄው ለምን እንደሆነ በኋላ አስረዱኝ። ብቻውን አንዴ ድም ብሎ ቀጥ የሚል ምት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ምት ነው፤ ወጥነት የሌለው ዝብርቅርቅ ሩጫ ሌላ ነው፤ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ የጭንቀት ወይም የድካም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ድንገት በርቶ ድንገት የሚጠፋ ደግሞ የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር እንዲፈተሽ ያስገድዳል። ከማንኛውም ማሽን በፊት ሐሳባቸውን ወደ እውነቱ ያዞረው የእኔ ጣት ነው። እናንተም ሕመሙ ሲነሣባችሁ ምቱን በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ተከተሉት፤ ሰዓት ያዙ፤ ሲጀምር ምን ስታደርጉ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ እንዴት እንደቆመ ጻፉ። ያንን 3 ሳምንት ለዚህ ነበር ማዋል የነበረብኝ።

ቀጥለው ስለ ቤተሰብ ጠየቁኝ። «በልብ የታመመ ሰው አለ?» የለም አልኩ። «በወጣትነቱ በድንገት የሞተ?»

የለም አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ በ36 ዓመቱ ማታ እንደተኛ ጠዋት አልነቃም። በቤታችን የእሱ ሞት የልብ ነው ተብሎ አያውቅም፤ «ሳይታመም ነው የሄደው» ነው የሚባለው። ስለዚህ ጥያቄው እሱን የሚመለከት መሆኑ አልታየኝም ብል ግማሹን እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ፍርሃት ነው። ስሙን በዚያ ክፍል ውስጥ ብጠራው የእሱ ዕጣ የእኔም የሚሆን መሰለኝ።

ሐኪሙ አንገቴን አዩ፣ ቁርጭምጭሚቴን ተጭነው እብጠት እንዳለ ፈተሹ፣ ማዳመጫቸውን ደረቴ ላይ እያዛወሩ አዳመጡ፤ አንዴ በግራ ጎኔ እንድተኛ፣ አንዴ ተንፍሼ እንድይዝ አደረጉኝ። ብዙ ቦታ ማዳመጣቸው አንድ ነገር ስላገኙ አይደለም፤ የልብ አራቱ ቫልቮች (ደም የሚያልፍባቸው፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች) ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ ነው። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን እያመመኝ መገጣጠሚያዬ አብጦ ያውቅ እንደሆነም ጠየቁኝ። የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ከዓመታት በኋላ የልብ ቫልቭ ላይ ጠባሳ የሚተው በሽታ ስላለ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ የዚያን ጊዜውን የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ኢኮ። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በግራ ጎን ትተኛላችሁ፣ ደረታችሁ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል፣ ልብ በድምፅ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ጎድን መሐል ጠበቅ አድርገው ይጫኑታል እንጂ ሕመም የለውም፤ ጨረርም የለውም። ሐኪሙ ራሳቸው ነበሩ የሚያነሡኝ፤ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ደጋግመው ሲለኩ ወንድሜ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። በኋላ እንደገባኝ ዝም የሚሉት እየለኩ ስለሆነ ብቻ ነው፤ የግድግዳ ውፍረት፣ የክፍሎቹ ስፋት፣ የቫልቮቹ አከፋፈት፣ ሁሉም በየተራ ይለካል። እናንተ ዝምታቸውን እንደ ፍርድ እንዳታነቡት። እኔ ግን ያኔ ይህን አላወቅሁም፤ ፍርሃቱ ራሱ አናገረኝ። «ዶክተር፣ ቅድም የለም ያልኩት... ወንድሜ ተኝቶ ነው የሞተው። 36 ዓመቱ ነበር» አልኩ።

እጃቸውን ከማሽኑ አነሡ። አልተቆጡም። «እንኳን ነገርሽኝ» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከመሞቱ በፊት ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ? ስፖርት ሲሠራ? ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ? ሌላ ዘመድስ? ከዚያ ኢኮውን ከመጀመሪያው ጀምረው ደግመው አዩት፤ የጠዋቱን ኢሲጂም አስመጥተው ወረቀቱ ላይ ባሉት ሞገዶች መካከል ያሉትን ርቀቶች በራሳቸው እጅ ለኩ። የልብ ጡንቻ ያለ ምክንያት የሚወፍርበት፣ ወይም ልቡ መልኩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ብቻ የሚዛባበት፣ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች እንዳሉ የነገሩኝ ያኔ ነው። ለዚህ ነው የቤተሰብ ጥያቄው። ደግሞም አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ቧንቧ ሕመም ተይዞ ከሆነ የእናንተም ስጋት ከፍ ይላል፤ ዕድሜውን ጭምር ጻፉት። «ተኝቶ ቀረ»፣ «ሲዋኝ ሰጠመ»፣ «እየሮጠ ወደቀ» የሚባሉ ታሪኮች በቤታችሁ ካሉ፣ የልብ ነው ባይባሉም እንኳ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስለ መድኃኒትም ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም። «ነጭ ክኒን ነው፣ ለራስ ምታት» አልኩ። ነጭ ክኒን ስንት ዓይነት ነው! በኋላ ዕቃዎቼን ስፈትሽ ለጉንፋን የምወስደው አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ልብን የሚያፈጥን፣ የራስ ምታቱ ኢቡፕሮፌን ደግሞ ግፊት የሚጨምር ሆኖ ተገኘ። የምትውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቫይታሚኑም ባህላዊውም ሳይቀር። ለምርመራው ብላችሁ ግን የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የዚያን ቀን መልስ አላገኘሁም፤ ይህንንም ጠብቁት። የመጀመሪያ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በትእዛዝ ወረቀት ነው። የደም ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞንና የፖታሺየም መጠን ሁሉም ልብን ሊያስሮጡ ወይም ምቱን ሊያዛቡ ስለሚችሉ ነው። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱና ዳገቱ የሚጨምር መሮጫ ላይም ወጣሁ፤ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ከደከማችሁ «አቁሙ» በሉ። ከዚያ ሆልተር የሚባለውን ትንሽ መቅጃ ለ48 ሰዓት ታጥቄ ዋልኩ አደርኩ። በ48 ሰዓቱ ውስጥ ልቤ አንዴም አልተነሣም። መልሼ ሳስረክብ ከሕመሙ ይልቅ አለመታመሜ አስለቀሰኝ፤ ማንም የሚያምነኝ አልመሰለኝም። ሐኪሙ ግን «አልመጣም እንጂ የለም አላልንም» ብለው ለ14 ቀን ደረት ላይ የሚለጠፍ ሌላ መቅጃ አዘዙልኝ። በ9ኛው ቀን ማታ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። በደቂቃ 186፣ ለ7 ደቂቃ።

ስሙ ኤስቪቲ ይባላል። ልቤ ውስጥ ከተፈጥሮ የመጣ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ አለ፤ አንዳንዴ ምልክቱ በዚያ ይገባና ክብ እየዞረ ልቡን ያስሮጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሚቀጥፍ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሲነሣ ተቀምጬ ለ15 ሰከንድ አምጬ መንፋት፣ ከዚያ ወዲያው በጀርባዬ ተንጋልዬ እግሬን ሰው ወደ ላይ እንዲይዝልኝ ማድረግ ተማርኩ። ይህንን ግን ያለ ሐኪም ምክር አትጀምሩት፤ ሁሉም የልብ ሩጫ ለዚህ የሚሆን አይደለም። ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀመርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደከመኝ፣ ኋላ ለመድኩት። በድንገት የማይቆም መድኃኒት መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። በብሽሽት ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ያንን ትርፍ መንገድ አቃጥሎ መዝጋትም እንደሚቻል ነግረውኛል፤ እያሰብኩበት ነው።

የኢኮ ውጤቴን ቤት ወስጄ ብቻዬን ማንበቤ ሌላው ስሕተት ነበር። «60 በመቶ» የሚል አየሁ። ልቤ 40 በመቶው የሞተ መስሎኝ ያቺን ሌሊት አላንቀላፋሁም። ያ ቁጥር ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ የሚናገር ነው፤ የትኛውም ልብ 100 አይገፋም፣ ከ55 እስከ 70 ያለው ጤነኛ ነው። «ኢምንት የቫልቭ መፍሰስ» የሚለውም ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው። የውጤታችሁን ኮፒ ያዙ፣ ግን ከክፍሉ ሳትወጡ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ታናሽ እህቴን ይዤ ሄድኩ። ፍርሃት ጆሮ ይደፍናል፤ እኔ ከሰማሁት እሷ የጻፈችው ይበልጥ ነበር። እኔ ያልደፈርኳቸውንም ጠየቀችልኝ፦ ሌሊት ቢነሣባትስ ስንት ደቂቃ ጠብቀን ነው የምንወስዳት? መኪና ትንዳ? በመጨረሻም እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ዶክተር፣ በወንድማችን ምክንያት እኛስ መታየት አለብን?» አለቻቸው። አዎ አሉ፤ ወላጅም እህት ወንድምም ቢያንስ አንድ ጊዜ ኢሲጂና ኢኮ ይነሡ አሉ። እኔ ላይ የተገኘው ሕመም የእሱን ሞት እንደማይገልጠው፣ ጥያቄው ገና ክፍት እንደሆነም ሳይደብቁ ነገሩን።

የእሷ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ትናንት ማታ ወረቀቷን አብረን ጻፍን። መጀመሪያው መስመር ላይ «ታላቅ ወንድማችን፣ 36 ዓመት፣ ተኝቶ» ብላ አሰፈረች፤ መድኃኒቶቿንና ጥያቄዎቿን ከሥሩ። አብሬያት እገባለሁ።